የመንግሥትን ወገብ የለኩት ጋሽ ይመር

የማይረሳ ሰው ለመባል መጀመሪያ መሞት ያስፈልጋል መሰለኝ። የቅዳሜ አማርኛ አስተማሪያችን ስለማትረሱት ሰው ጻፉ ባለን ጊዜ አሥራ አንድ ልጆች አሥራ አንድ ሬሳ ይዘው መጡ። እኔም አያቴን ልገድላት አስቤ ነበር፤ ግን በሕይወት አለች፣ ደግሞም በየእሑዱ ስለምትደውል ትደርስብኛለች ብዬ ተውኩት።

ጋሽ ይመር አልሞቱም። ለሥራ ብለው ዙሪክ አጠገብ ያለች ዲቲኮን የምትባል ከተማ ገቡ እንጂ። እናቴ ግን ወሬውን ስትሰማ «ውይ! ዙሪክ?» ብላ ደረቷን የመታችው ምት ለሙሉ ሐዘን የሚበቃ ነበር። ከጄኔቭ ዲቲኮን በባቡር ሦስት ሰዓት ገደማ ነው። ለእኛ፣ በጄኔቭ ዳር በፈረንሳይኛ ለምንኖር ለቬርኒየ ሰዎች ግን ጀርመንኛ የሚነገርበት አገር ሁሉ አኼራ ነው፤ የሄደ አይመለስም።

አሁን አሥራ አንደኛ ፎቅ ላይ፣ ከበራችን ፊት ለፊት ባለው ደወል ላይ የፖርቱጋል ስም ተለጥፏል። ደግ ሰዎች ናቸው፤ ኬክ ሰጥተውናል። ግን ስወጣ ስገባ ልኬን የሚነግረኝ ሰው የለም።

ጋሽ ይመር ልብስ ሰፊ ናቸው፤ የደሴ ልብስ ሰፊ። እዚህ ጄኔቭ፣ ኦ ቪቭ የሚባል ሰፈር ውስጥ አንድ የልብስ ማስተካከያ ሱቅ ጓዳ ተቀምጠው የሀብታም ሱሪ ያሳጥሩ ነበር። ሜትራቸው ከአንገታቸው አይወርድም። ለጁምዓ ሶላት ሲሄዱ እንኳ ረስተው እንዳንጠለጠሉት ይሄዳሉ፤ ኢማሙ አንድ ቀን «ይመር፣ ማንን ልትለካ መጣህ?» ብሏቸዋል። ሰላምታቸውም ሥራቸው ነበር። ሰው ሲያገኙ ፊቱን ሳይሆን መጀመሪያ ትከሻውን ያያሉ።

«ሰው በአፉ ይዋሻል፤ በትከሻው ግን አይችልም» ይሉ ነበር።

አንድ ቀን ሊፍት ውስጥ ገና ሰላም ሳልላቸው፣ «ነጁ፣ ግራ ትከሻሽ ሁለት ሳንቲም ወርዷል። ሂሳብ ነው ወይስ ወንድ?» አሉኝ።

«ሂሳብ ነው ጋሼ።»

«አልሐምዱሊላህ!»

እናቴን ደግሞ አንድ ጊዜ ለዒድ ስትዘጋጅ አይተዋት፣ «ፋጡማ፣ ጎኑን ትንሽ ልልቀቀው እንዴ?» አሏት።

«ምን ማለትዎ ነው? ወፈርሽ ማለትዎ ነው?»

«እኔ ስለ ስፌቱ ነው የማወራው።»

ሦስት ቀን አኮረፈቻቸው። በአራተኛው ቀን ቀሚሱን በእኔ እጅ ላከችላቸው።

የሳቸውን የራሳቸውን ትከሻ የሚያወርደው ነገር አንድ ብቻ ነበር፤ ሀያት። ሀያት ልጃቸው ናት። እናቷ በወሊድ ሞታለች። ጋሽ ይመር ከአገር ሲወጡ ሰባት ዓመቷ ነበር፤ አክስቷ ጋ ደሴ ቀረች። እዚህ ደግሞ የተሰጣቸው ፔርሚ፣ የመኖሪያ ፈቃዱ፣ ለመሥራት እንጂ ለመሄድም ሆነ ለማስመጣት አይፈቅድም። እንዲህ እንዲህ እያለ አሥር ዓመት አለፈ። ሰኔ ላይ ሀያት አሥራ ስምንት ሊሞላት ነው። አሥራ ስምንት ከሞላት በኋላ አባቷ ዘንድ ልምጣ ብትል «አዋቂ ነሽ» ትባላለች፤ በሩም ይዘጋል። ስለዚህ ፔርሚያቸው እንዲለወጥና ልጃቸው እንድትመጣ ማመልከቻ አስገብተው፣ ለመጋቢት ቃለ መጠይቅ ተቀጥረው ነበር።

ያኔ ጥር ነው። እኔ ደግሞ የራሴ ጣጣ ነበረብኝ፤ የታሪክ ኤክስፖዜ። ስለ ፈረንሳይ አብዮት፣ ስለ ንጉሡ መውደቅና ከዚያ ስለመጣው ኢምፓየር ክፍል ፊት ቆሜ ሃያ ደቂቃ ማውራት አለብኝ። መጽሐፉን ስከፍተው እንቅልፌ ይመጣል። እናቴ «ጋሽ ይመር ዘንድ ሂጂ፤ እሳቸው አብዮት ያውቃሉ» አለችኝ።

«የኛን እንጂ የፈረንሳይን መች ያውቃሉ?»

«አብዮት እንደ ጉንፋን ነው። የትም አገር ያው ነው።»

ሄድኩ። ጋሽ ይመር የስፌት መኪናቸውን ገፋ አድርገው መጽሐፌን ጠረጴዛው ላይ እንደ ጨርቅ ዘረጉት። የመጀመሪያው ሥዕል ንጉሡ ነው፤ ነጭ የእግር ሹራብ፣ ከኋላ መሬት ለመሬት የሚጎተት ካባ።

«ይሄ ይወርዳል» አሉ።

«ገና ምኑም አልተነበበልዎትም እኮ!»

«ማንበብ ምን ይሠራል? የካባውን ጭራ እዪው። ለአንድ ቀበሌ ሙሉ ሱሪ ይወጣዋል። መሬት የሚጠርግ ካባ የለበሰ ሰው መሬቱ ላይ ያለውን አያይም።» ከዚያ ድምፃቸው ትንሽ ተለወጠ። «የኛ ንጉሥ ሊወርዱ አንድ ዓመት ሲቀራቸው የአገር ገዥው ለበዓል ካባ አዘዘኝ፤ የወርቅ ጥልፍ ያለው። ወሎ ያኔ ረሃብ ነበር። ከሱቄ ደጃፍ የወደቀው ሰው ወገብ በሁለት እጄ ጣት ይታቀፋል። እኔ ውስጥ ተቀምጬ ወርቅ እጠልፋለሁ።»

ወዲያው «ግለጪ» አሉኝ።

ገለጥኩ። ጌቶቹ እስከ ጉልበት ብቻ የሚደርስ ቁምጣ ከሹራብ ጋር ይለብሱ ነበር፤ ያመፁት የከተማ ድሆች ግን ረጅም ሱሪ ነበር ልብሳቸው፣ በዚያም ይኮሩ ነበር ይላል መጽሐፉ። ይሄንን ስተረጉምላቸው ጠረጴዛውን በመዳፋቸው መቱት።

«ወላሂ አውቄዋለሁ! አብዮት ከሱሪ ነው የሚጀምረው። የኛ ካኪ ነበር። በአንድ ሳምንት ውስጥ ደሴ ላይ ካኪ ጠፋ። ትናንት ከረባት አስሮ ጌታዬ የሚባል ሁሉ ዛሬ «ጓድ ይመር፣ ካኪ ስፋልኝ» ብሎ መጣ። ከረባቱን የት እንዳደረሰው ታውቂያለሽ?»

«የት?»

«ካኪው ውስጥ። ገበሩ ስር። ምናልባት ነገሩ ከተለወጠ ብሎ። ሰፍቼ የደበቅኩለት እኔ ነኝ።»

ቀጥሎ ምን እንደሚመጣም ነገሩኝ። «አሁን እርስ በርስ ይበላላሉ» አሉ። ገጹን ስገልጥ እውነትም መሪዎቹ ተራ በተራ ጭንቅላታቸውን ሲቆረጡ አገኘሁ፤ ትናንት የፈረደው ዛሬ ይፈረድበታል።

«ማን ነገረዎት?»

«ቀበቶ። አብዮተኛ ሲጀምር ቀበቶውን የሚያስረው በጣም ጠባቡ ቀዳዳ ላይ ነው፤ ከስቶ። በዓመቱ ሁለት ቀዳዳ ያላላል። ጫፉ ላይ አዲስ ቀዳዳ ብሳልኝ ብሎ የመጣ ቀን ጓደኛውን አሳስሯል ማለት ነው።»

ከዚያ ያ አጭሩ ጄኔራል መጣ፤ ያ ባርኔጣውን አግድም የሚያደርገው። ቀኝ እጁን ሰደርያው ውስጥ ከትቶ ቆሟል። ለምን እንደዚያ እንዳደረገ መጽሐፉ የክብር አቋቋም ነው ይላል። ጋሽ ይመር መነጽራቸውን ወደ ግንባራቸው ገፍተው ጎንበስ አሉበት።

«የምን ክብር ነው? ሰደርያው ጠቦታል። ቁልፉ እንዳይበጠስ ይዞት ነው። ይሄ ሰውዬ ከዚህ በኋላ ዘውድ ይፈልጋል።»

«ደግሞ ለምን?»

«ቢወፍሩም የማይጠብ ልብስ ዘውድ ብቻ ነዋ።»

ቀጣዩን ገጽ ገልጬ ጮህኩ። ጄኔራሉ ቤተ ክርስቲያን መሃል ዘውዱን በገዛ እጁ ጭንቅላቱ ላይ ሊደፋ ነው! ቀይ ከፋይ ካባ፣ በነጭ ፀጉር የተገበረ፣ ላዩ ላይ የወርቅ ንብ የተጠለፈበት። ጋሽ ይመር ሜትራቸውን ከአንገታቸው አወረዱና መጽሐፉ ላይ ለኩት። ወደ መጀመሪያው ገጽ ተመልሰው የንጉሡን ካባ ለኩ። እንደገና ይሄኛውን።

«ሱብሐነላህ! ከንጉሡ ይበልጣል!» መጽሐፉን ዘጉት፣ መልሰው ከፈቱት። «ታዲያ ያንን ምስኪን አንገቱን ምን ብለው ቆረጡት? ጨርቅ ለመጨመር?»

ሳቄ ከወንበር አወረደኝ። እሳቸው ግን ስለ ንቦቹ ይፈላሰፉ ነበር። «አየሽ ይሄንን? ንቡን ላዩ ላይ አስጠለፈው፤ ማሩን ግን ውስጥ ነው የሚበላው። እዚህስ መጥቶ ነበር?»

«አዎ፤ ጄኔቭን ውጧት ነበር። አሥራ አምስት ዓመት።»

«ስለዚህ ሰፈራችንም በዚያ ካባ ጭራ ስር ነበር ማለት ነው» አሉና ሜትራቸውን ጠቅልለው አስቀመጡ። «የስዊስ መንግሥት የሚሻለው ለምን እንደሆነ ልንገርሽ? አገሩን የሚመሩት ሰባት ሰዎች በአንድ ቀበቶ ነው የሚታሰሩት። አንዱ ሊወፍር ሲል ስድስቱ ይጮኻሉ።»

ኤክስፖዜውን ሜትር አንገቴ ላይ አድርጌ አቀረብኩት። ሰሌዳው ላይ ሦስት ልብስ ሣልኩ፤ ካባ፣ ረጅም ሱሪ፣ እንደገና ካባ። ልጆቹ ሳቁ። አስተማሪው አልሳቀም፤ «ምንጭሽ ማን ነው?» አለኝ። «አንድ የደሴ ልብስ ሰፊ» አልኩት። ከስድስት አምስት ተኩል ሰጠኝ። ግማሿን የቀነሰው ጄኔራሉን ቦርጫም ስላልኩት ነው፤ አይጸጽተኝም።

ይህ ነጥብ ነው ጉድ ያመጣው። ጋሽ ይመር በየሱቁ «ነጁ አስተማሪ አስጨንቃለች» እያሉ አስወሩና፣ መጋቢት ሲመጣ ለቃለ መጠይቁ አስተርጓሚ አድርገው እኔን መረጡ። ሌላ ሰው ቢባሉ አሻፈረኝ አሉ።

ያን ቀን ግራጫ ኮት ለብሰዋል፤ ራሳቸው የሰፉት። አውቶቡስ ውስጥ ትከሻቸውን አየሁት። ሁለቱም ወርደው ነበር።

«ምን ሊሉ አሰቡ ጋሼ?»

«አብሽሪ። ግለ ሂስ አውቃለሁ።»

«ምንድን ነው እሱ?»

ነገሩኝ። በአብዮቱ ጊዜ ቀበሌ ስብሰባ ላይ ሰው ሁሉ ተራ በተራ እየተነሳ የራሱን ጥፋት ይዘረዝር ነበር። ጥፋት የለብኝም ያለ ሰው ጥፋት ይፈለግለታል፤ ፈላጊዎቹ ደግሞ አግኝተው ነው የሚመለሱት። ቀድሞ ራሱን የከሰሰ ግን ብዙ ጊዜ ቤቱ ይገባል። «ሌላው ሳይቆርጥህ ራስህን ቁረጥ፤ ራስህ ስትቆርጥ ቢያንስ ልኩን ታውቃለህ» አሉኝ። በዚህ ዘዴ ስምንት ዓመት ተርፈዋል።

«ጋሼ፣ እዚህ እንደዚያ አይደረግም! እዚህ ጥሩ ጥሩውን ነው የሚያወሩት። ሥራዎን፣ ግብር መክፈልዎን…»

«ነጁ፣ መንግሥት መንግሥት ነው።»

ቢሮው ውስጥ ሽበታም፣ ቀጭን መነጽር ያደረገች ማዳም ፋይሉን ይዛ ጠበቀችን። አልሳቀችም፣ አልተቆጣችም። «እስቲ ስለ ራስዎ ይንገሩኝ። የዚህን አገር ኑሮ እንዴት ለመዱት?» አለች። ተረጎምኩ።

ጋሽ ይመር ተነሥተው ቆሙ። የኮታቸውን ቁልፍ ቆለፉ። እጃቸውን አነባብረው፣ በማላውቀው የስብሰባ ድምፅ፣ «አንደኛ ድክመቴ፣» ብለው ጀመሩ፤ «በሌላ ጎረቤት የልብስ ማጠቢያ ቀን፣ ሰው የለም ብዬ፣ ሁለት አንሶላ አጥቤአለሁ።»

እኔ በፈረንሳይኛ፣ «የሕንፃውን የልብስ ማጠቢያ ተራ በጣም ያከብራሉ» አልኩ።

ማዳሟ ጻፈች።

«ሁለተኛ፣ አንድ ቀን ዝናብ ሲጥል ያለ ቲኬት ትራም ተሳፍሬአለሁ።»

«የሕዝብ ትራንስፖርት ይወዳሉ።»

«ሦስተኛ፣ ሱሪው ያልሆነለትን ደንበኛ፣ አሠሪዬ እንዳይቆጣኝ፣ ሆኖልሃል ብዬዋለሁ። አራተኛ፣ አሠሪዬ ቤቱ ጠርቶ ፎንዲው የሚሉትን የቀለጠ ዓይብ አቀረበልኝ። ወይን ጠጅ እንዳለበት ስለማውቅ አበባ ማሰሮ ውስጥ ጨመርኩት። አበባው ደርቋል።»

«ከደንበኞቻቸውና ከአሠሪያቸው ጋር መልካም ግንኙነት አላቸው። አበባም ይወዳሉ።»

ጋሽ ይመር ወደኔ ዞሩ። «ነጁ፣ እኔ ረጅም አልኩ፤ አንቺ ጋ አጠረ። ከጨርቁ ላይ ማን ቆረጠው?»

«ጋሼ፣ እባክዎትን፣ ስለ ሀያት ብለው ይተዉኝ!» አልኩ በሹክሹክታ።

«ስለ ሀያት ነው እኮ።»

ከዚያ ምን አደረጉ መሰላችሁ? አንደኛ ብለው ከአንሶላው ጀምረው ሁሉንም በራሳቸው ፈረንሳይኛ ደገሙት። ያ ፈረንሳይኛ ግሥ የለውም፤ የሱቅ ጓዳ ፈረንሳይኛ ነው። ግን ይገባል። ክፉኛ ይገባል። አንሶላው፣ ትራሙ፣ ሱሪው፣ አበባው። የማዳሟ እስክሪብቶ አንዴ ወረቀቱ ላይ፣ አንዴ አየር ላይ ነው። እኔ የወለሉን ካሬዎች እቆጥራለሁ።

«ትራሙን ምን አደረጉ?» አለች በመጨረሻ።

«ማግስቱን ሁለት ቲኬት ገዛሁ። ሁለቱንም ማሽኑ ላይ መታሁ።»

«አበባውንስ?»

«ሌላ አበባ ገዝቼ ወሰድኩለት። አሠሪዬ ለምን እንደሆነ አላወቀም።»

መነጽሯን አወለቀች። «ሌላ አለ?»

እሳቸው ወደኔ ተመለሱ። አማርኛ ፈለጉ። «አምስተኛ፣» አሉ፤ «ልጄን በሰባት ዓመቷ ትቻት መጥቻለሁ። ለሁለት ሳምንት ነው የምሄደው፣ አታልቅሺ ብዬ ዋሽቻት ነው የወጣሁት። ይሄ ጥፋት የሌላ የማንም አይደለም፤ የንጉሡም፣ የአብዮቱም አይደለም። የኔ ነው።»

ይሄንን የት ልቁረጠው? ጨርቁ መቀስ አልያዘልኝም። እንዳለ ተረጎምኩት፤ ሁለት ሳምንቱንም ጭምር። ድምፄ መሃል ላይ ተሰበረ፤ ማዳሟ ውኃ ቀዳችልኝ። ለሳቸውም ቀዳች። «በደብዳቤ እናሳውቅዎታለን» ብላ ፋይሉን ዘጋች። በቃ።

ኮሪደሩ ላይ ጮህኩባቸው፤ በሕይወቴ በትልቅ ሰው ላይ ጮኼ አላውቅም። «አበላሹት! ቢያስቀሯት ምን ሊሉ ነው? አንሶላ አጥቤ ነው ሊሏት ነው?»

ኮታቸውን ፈቱ። «ልጄ፣ ሌላ ዘዴ አላውቅማ» አሉኝ። ቁጣዬ አልበረደም። ያን ሳምንት ሊፍት በር ላይ ሳገኛቸው በደረጃ እወርድ ነበር፤ አሥራ አንድ ፎቅ።

ሚያዝያ አለፈ፤ ግንቦት ገባ። ጋሽ ይመር የፖስታ ሳጥናቸውን በቀን ሦስት ጊዜ ይከፍቱ ነበር፤ ፖስተኛው በቀን አንዴ ብቻ እንደሚመጣ እያወቁ። ደብዳቤው የመጣ ቀን እኛ ቤት ይዘውት ገቡ። እንደ ስፌት ጠርዙን በትንሿ መቀሳቸው ክር በክር ተረተሩትና ሰጡኝ። አነበብኩ። ደግሜ አነበብኩ፤ የመጀመሪያው መስመር በጣም ረጅም ስለነበር። ከዚያ፣ «ተፈቅዷል» አልኩ።

የእናቴ እልልታ ከታችኛው ፎቅ አስከሰሰን። ጋሽ ይመር ግን ሶፋችን ላይ ተቀምጠው የሜትራቸውን ጫፍ ይጠቀልላሉ፣ ይፈታሉ። ማዳሟ ለምን እንደፈቀደች እስካሁን አላውቅም። ምናልባት ሕጉ ስለሚፈቅድ ብቻ ነው። ምናልባት ቀኑን ሙሉ እንደኔ ዓይነት «አበባ ይወዳሉ» የሚል ሰው ስትሰማ ውላ ሰልችቷት ነበር። ቢጠይቁኝ ሁለተኛውን እመርጣለሁ።

ሀያት የምትመጣበት አውሮፕላን የሚያርፈው ዙሪክ ነበር። ልደቷ ሁለት ሳምንት ሲቀረው፣ ጋሽ ይመር፣ እናቴና እኔ ማለዳ ባቡር ያዝን። መንገድ ላይ የባቡሩ ማስታወቂያ ከፈረንሳይኛ ወደ ጀርመንኛ ሲገለበጥ እናቴ «ቢስሚላህ» አለች። ጋሽ ይመር ሦስቱን ሰዓት በሙሉ የማንንም ትከሻ አላዩም።

አየር ማረፊያው ውስጥ መስታወት በር አለ፤ ይከፈታል፣ ሰው ይተፋል፣ ይዘጋል። ጋሽ ይመር ከፊት ቆሙ። መጀመሪያ ቦርሳ ብቻ የያዙ ነጋዴዎች ወጡ፤ ቀጥሎ ሕፃን የታቀፉ ሴቶች፤ ቀጥሎ ሻንጣ የሚገፉ ብዙ ሰዎች። እናቴ ክንዴን እየቆነጠጠች «ያቺ ናት? ያቺ?» ትላለች።

ጋሽ ይመርን ዞር ብዬ ሳያቸው ግን አንድ ነገር ግራ ገባኝ። የሚጠብቅ ሰው ሁሉ ፊት ፊት ያያል። እሳቸው ዐይናቸው ዝቅ ብሏል። በሻንጣዎቹ መሃል፣ በሰው ወገብና በሰው ጉልበት መሃል ነው የሚፈልጉት። ትንሽ ሴት ልጅ በወጣች ቁጥር ይንጠራራሉ፤ ከዚያ ይመለሳሉ።

አንዲት ረጅም ልጅ ወጣች። ከጋሽ ይመር በግንባር ትበልጣለች። ሰማያዊ ሻርፕ፣ በገመድ የታሰረ ቡናማ ሻንጣ። ዙሪያዋን አየችና በቀጥታ መጥታ ፊታቸው ቆመች።

ጋሽ ይመር «ፓርዶን» ብለው መንገድ ለቀቁላት። አንገታቸውን አስግገው ከኋላዋ ማየት ጀመሩ።

እናቴ በሁለት እጇ አፏን ያዘች። እኔ ልጮኽ ነበር።

ልጅቷ እሳቸው ወዴት እንደሚያዩ ዐይናቸውን ተከትላ አየች፤ ዝቅ፣ ወደ ሰው ወገብ። ገባት መሰለኝ። ሻንጣዋን አስቀመጠች። ከዚያ በዚያ ሁሉ ሰው መሃል፣ ቀሚሷን በእጇ ሰብስባ፣ እፊታቸው ቁጢጥ አለች፤ ልክ ዐይናቸው ባለበት ቦታ እስክትደርስ ድረስ።

«አባዬ፣» አለች፤ «እዚህ ነኝ።»